የላይኛው ቤት ልጅ

ቤቱን ያካፈሉት ሽማግሌዎች ፎቁን ለወንድምየው፣ ምድር ቤቱን ለእህትየው ሰጡና እናትየውን ከምድር ቤቱ ጋር ደረቡላት። ደረጃ መውጣት አይሆንላትም የሚል ነበር ምክንያታቸው፤ እውነትም አይሆንላትም። ነገር ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሲወጣ ለባልደረባው፣ «ሴትዮዋ እንግዲህ ምድር ቤቱ ከነእናቱ ደረሳት» ብሎ ሲስቅ በመስኮት ሰምታዋለች። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም። ግቢውን፣ የውሃ ቆጣሪውን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ሳይቀር አካፍለው ሲያበቁ አንድ ነገር ረሱ፤ በሁለቱ ቤት መካከል ያለውን ሳንቃ። ከላይ ለሚረግጠው ወለል ነው፤ ከታች ተጋድሞ ለሚያየው ጣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም አልተነጋገሩም። እሱ በውጭ በኩል ባለው የብረት ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ሁለቱም ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ኪሳቸውን መዳበስ ይጀምራሉ።

እሷ መጋረጃ በመስፋት ነው የምትተዳደረው። ያላት አንድ ትልቅ ክፍልና ከጎኑ የተለጠፈች ማብሰያ ናት። ማሽኑ ብርሃን በሚገባበት መስኮት ሥር ነው፤ የእናቷ አልጋ ደግሞ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። መካከሉን ጨርቅ ይሞላዋል፤ ጥቅልሉ ወንበር ላይ፣ የተቆረጠው ጠረጴዛ ላይ፣ ያለቀው በር ላይ ተንጠልጥሎ። ዝናብ ባልነበረበት ወር ከአልጋው በላይ ያለው ጣሪያ ማንጠባጠብ ሲጀምር ቧንቧ የፈነዳ መስሏት ነበር። ኋላ አንዲት ጎረቤት፣ እነ ወንድምሽ ቡችላ አምጥተዋል፣ የሚጠጣውን ውሃ እየደፋ ቤቱን ኩሬ አደረገው አሉ፣ ብላ ነገረቻት። አልጋው ግርጌ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠች፤ ብርድ ልብሱ ላይ ፕላስቲክ አለበሰች። ጠብታው ግን የሳንቃውን ስንጥቅ እየተከተለ ቦታ ይቀያይራል፤ አንዴ እግር ላይ፣ አንዴ ትከሻ ላይ። ሐኪሙ የአሮጊቷ ደረት እርጥበት እንደማይችል፣ የቀራትም ጊዜ ብዙ እንዳልሆነ፣ እሱኑ በደረቅ ቦታ ብታሳልፈው ደግ እንደሆነ ነግሯታል። አልጋውን ወደ መስኮቱ፣ ማሽኑን ወደ ግድግዳው ማዛወር ይቻል ነበር። ግን ከሳንቃው የሚወርደው ውሃ ዝገት መሳይ ቀለም አለው፤ አንድ ነጭ የሆቴል መጋረጃ አበላሽቶባት ከኪሷ ተክታለች። ለጨርቁ የሳሳሽውን ያህል ለእናትሽ ምነው አልሳሳሽም ሊሏት ይችሉ ነበር። ማንም ግን አላላትም።

የዚያን ቀን ጠዋት የረጠበውን ብርድ ልብስ እየቀየረች ሳለ ከላይ ትንንሽ ኮቴዎች ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሮጡ። ከዚያ የውሃ መንቦጫረቅ ተሰማ፤ ከዚያ የወንድሟ ሚስት ድምፅ፣ «ተው አልኩህ፤ ውጣ ከውሃው» ሲል መጣ። ጠብታ ወርዶ የአሮጊቷ መዳፍ ላይ አረፈ። እህትየው ልትጠርገው ፎጣ ስታነሳ እናትየው እጇን ሰበሰበች። ፈገግ ብላለች።

«ተዪው፣ አትጥረጊው» አለች። «ልጅ ውሃ ካልተጫወተ ታዲያ በምን ሊጫወት ነው?»

የምን ልጅ፣ ብላ ጠየቀች እህትየው፤ ቀልድ መስሏት ነበር። አሮጊቷ ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ እንዳልጠፋ፣ ይህንን የሚያህል ነገር ሰው ሳይነግራት ማወቅ እንደማያቅታት እየተኩራራች ተናገረች። የአባብዬ ልጅ ነዋ። ወንድ ልጇን ጎልምሶ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ከሆነም በኋላ የምትጠራው አባብዬ ብላ ነው። መጀመሪያ ዳዴ ሲል ሰማችው፤ ሲወድቅም ሲያለቃቅስም ሰማችው፤ አሁን ይኸው ይሮጣል። ቶሎ መሮጡ አይገርምም፣ አባቱም እንዲሁ ነበር። እናቱ ደግሞ ስትቆጣው ውላ ስትቆጣው ታድራለች፤ የበኩር ልጅ እናት ሁሉ እንደዚያው ናት፣ ኋላ ይለቃታል። ወራቱን ሁሉ እንዲህ አልጋዋ ላይ ሆና ልጅ ስታሳድግ ነው የከረመችው። ያላነሳችውም እህትና ወንድም ተኳርፈው እሷ መሃል ገብታ ነገር እንዳታባብስ ብላ ነው፤ ሲበርድላቸው ራሳቸው ያመጡልኛል ብላ ነበር የምትጠብቀው።

«አሁን ግን ጊዜው እያለቀብኝ ነው» አለች፣ እንደዋዛ። «ሂጂና ንገሪያቸው። ልጁን ለአንድ አፍታ ያውርዱልኝ። እጄን አናቱ ላይ ላሳርፍና ልመርቀው፤ ከዚያ ወዲያ ጠባችሁን ቀጥሉ፤ እኔ ምን አገባኝ።»

ውሻ ነው የሚለው ቃል እህትየው ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የእናቷን ፊት አየችው። ለካ አንዳንድ ቀን ጠዋት የምታየው ያ ፈገግታ፣ የእሷ ሾርባ ጣፍጧት፣ የታጠበው አንሶላ ተስማምቷት የመሰላት ፈገግታ፣ ከላይ ነበር የሚመጣው። ይህን ስታስብ የተሰማት ቅናት ይሁን ሐዘን አልለየላትም። እሺ ብላ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች።

በብረቱ ደረጃ ወጥታ ካየች ዘመን አልፏል። ሳምንታት ሙሉ ወጥቼ እንዲህ እላቸዋለሁ እያለች ስድቡን እንደ ክር ስታጠነጥን ነበር የከረመችው፤ ጣሪያዬን አበሰበሳችሁት፣ እናቱን ረስቶ ውሻ የሚያሳድግ እንደ ወንድሜ ያለ የት ተሰምቶ፣ የሚል። አሁን ግን ክሩ ተወሳሰበባት፤ ጫፉን ስትፈልግ በሩ ተከፈተ። የወንድሟ ሚስት ወደ መድኃኒት ቤት ሥራዋ ልትሄድ ነጩን ጋዋን አንድ እጅጌ ለብሳ ሌላውን እየፈለገች ነበር። «ይግቡ እትዬ» አለች። ድሮ አንቺ ነበር የምትላት። የዛሬው አንቱታ አክብሮት ሳይሆን አጥር መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ከወለሉ በስተቀር። ሳንቃው አብጦ ጠርዙ እንደ አሮጌ ጫማ ተቀልብሷል። ሚስትየው ለምን እንደመጣች ሳትጠይቃት፣ ተከሳሽ እንደሚናገረው፣ ያደረገችውን ሁሉ መዘርዘር ያዘች። ከባድ የሸክላ ሳህን ገዝታ ነበር፤ ውሃውን በእግሩ እየዛቀ አወጣው። ድንጋይ ከተተችበት፤ ድንጋዩን አውጥቶ አልጋ ሥር ደበቀው። ትንሽ ትንሽ እየቀዳች ሰጠችው፤ ጠጥቶ ሲያበቃ ባዶውን ሳህን ቤቱን ሙሉ እየገፋ አደነቆራቸው። ሳህኑን ከወንበር እግር ጋር ብታስረው ወንበሩን ገለበጠባት። ሰዉ ሁሉ ሲያድግ ይተወዋል ይላታል። «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነብኝ» አለችና ልትስቅ ሞክራ ተወችው። «ትናንት ግን መላ አገኘሁ። ይዩት።»

ቡችላው ጥግ ላይ ነው። ቡናማ፣ ጆሮው ከራሱ የሚበልጥ፣ ሆዱ የተነፋ፤ ከድመት ብዙም አይበልጥም። ሳህኑ የተቀመጠው በውሃ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ሲሆን እሱም ከሳህኑ ጋር ሳፋው ውስጥ ገብቶ ሁለት የፊት እግሮቹን ውሃው ውስጥ ነክሮ ጉድጓድ እንደሚምስ ሰው ይታገላል። ውሃው ይረጫል፣ ግን ከሳፋው ግድግዳ አያልፍም። ደክሞት ሳህኑን በአፍንጫው ገለበጠና በደፋው ውሃ መሃል ሆዱን አስተኝቶ ተዘረጋ። አንድ ጠብታ ወለሉ ላይ አልደረሰም። ጠዋት ታች የወረደው ሳንቃው ውስጥ የቀረው ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢታገሡ ይደርቃል፣ አለች ሚስትየው። እህትየው ይዛው የመጣችው ክስ እዚያው ላይ አለቀ። ነገሩ ተብራርቶላት፣ ችግሩ ተፈቶላት፣ የቀራት አመስግኖ መውረድ ነበር። ዓይኗ ግን ሳፋው ላይ ቀረ። ጀርባ ማስደገፊያ ያለው፣ በአንዱ ጎኑ የዳክዬ ሥዕል የታተመበት፣ የሕፃን መታጠቢያ ነው። የሱቁ ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም።

ሚስትየው ምን እያየች እንደሆነ አየች። ያለ ሥራ ከሚቀመጥ ብዬ ነው፣ አለች። ከዚያ እጅጌዋን ፈልጋ አገኘችው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዘጋች፤ የመጨረሻውን ዘግታ ስታበቃ አንቱታው ከአፏ ጠፋ።

«ያኔ፣ ሁለተኛውም ፅንስ የወረደ ጊዜ፣ እዚህ ተኝቼ ማሽንሽን ስሰማ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቆም አላለም።»

እህትየው ሰምታ ነበር። የመጀመሪያውንም፣ ሁለተኛውንም። መኪና ግቢ ገብቶ ሲወጣ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታለች፤ ያቺው ጎረቤት ምን እንደሆነ ነግራታለች። ሰው ይልኩብኛል ብላ ጠበቀች፤ እነሱ ደግሞ ትመጣለች ብለው ጠበቁ፤ ወሬውም እንደ ዳቦ ደረቀ። ለእናቷ አልነገረቻትም፤ ደስታውን ሳታውቀው ሐዘኑን ማሳወቅ ምን ያደርጋል ብላ። «አልላካችሁብኝም» አለች፣ ለራሷም እንደማይበቃ እያወቀችው።

«አንድ ደረጃ ነው እንጂ አገር አልነበረም» አለች ሚስትየው።

ቡችላው ባዶ ሳህኑን በጥርሱ ያኝክ ጀመር። እህትየው ያን ጊዜ ነው የማይነገረውን የተናገረችው። ለምን እንደተናገረችው ቀኑን ሙሉ ራሷን ጠየቀች፤ ምናልባት ባዶ እጇን መውረድ ስላልፈለገች፣ ምናልባትም ለማሽኑ ክስ አንድ ነገር መመለስ ስላለባት። እማዬ፣ አለች፣ ልጅ የወለዳችሁ መስሏታል። ስትሰማው ነው የከረመችው። አውርዱልኝና ልመርቀው ትላለች።

ሚስትየው አልተቀመጠችም፣ አላለቀሰችም። ቡችላውን ብቻ አየችው፤ ከዚያ ሳፋውን። ምን አልሻት ብላ ጠየቀች፤ እህትየውም እሺ ከማለት ሌላ ምንም እንዳላለቻት ነገረቻት። «እንግዲህ በረገጠ ቁጥር» አለች ሚስትየው፣ «እኔም የልጅ ኮቴ ልሰማ ነው።» ቦርሳዋን አንስታ በሩን ከፈተችና እህትየው ቀድማት እስክትወጣ ጠበቀች። ደረጃውን ስትወርድ ሚስትየው ከኋላዋ ስልክ ስትደውል ሰማቻት።

ለእናቷ ሥራ ወጥተው ነበር፣ ማታ እነግራቸዋለሁ አለቻት። ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። ከቀትር በፊት አንዲት ደንበኛ መጋረጃ ልታስለካ መጣች፤ ከመንገድ ማዶ ያለው ጎረቤት እንዳያያት ወፍራም ይሁን፣ እሷ ግን እሱን እንድታየው ብዙም አይወፍር አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። ከዚያ ወደ አልጋው እያየች እንዲህ ዓይነት ልጅ መውለድ መታደል ነው፣ ስንቱ እናቱን የትም ጥሏል፣ አለች። አሮጊቷም ከተኛችበት ሆና ልጆቼ ሁለት ናቸው፣ የልጅ ልጅም አለኝ፣ ላይ ነው ያለው፣ ብላ መለሰች። ደንበኛዋ ደስ ብሏት እግዜር ያሳድገው አለች። እህትየው ሜትሩን አፏ ውስጥ ይዛ አሜን ማለት አልቻለችም።

ወንድምየው ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ከሌላው ቀን ቀድሞ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ። ሲወጣ ደረጃው ጮኸ። ከላይ ብዙ ንግግር አልተሰማም። ሲወርድ ጃኬቱ ደረቱ ላይ አብጦ በሥሩ ቡናማ ጭራ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። በመስኮቱ ፊት ለፊት ሲያልፍ ከእሷ የለየው መስታወቱ ብቻ ነበር። መስታወቱን ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ምን ልትለው? ውሃው ቆሟል፣ ሳፋው መላ ሆኗል፣ እንስሳው ምን አጠፋ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው። እጇን መልሳ ጨርቁ ላይ አሳረፈች፤ እግሯ ግን ፔዳሉን መርገጡን አላቆመም ነበርና መርፌው የያዘችውን መስመር ስቶ ተጣሞ ሄደ። የግቢው በር ተዘጋ። የአውቶቡስ ጋራዡ ዘበኛ ውሻ እንደሚፈልግ፣ እዚያ ቦታው ሰፊ፣ ውሃውም የትም ቢፈስ ማንንም የማይገደው እንደሆነ፣ በኋላ ነው የሰማችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ ጸጥ አለ። ከጣሪያው የሚወርድ ነገር አልነበረም፤ ብርድ ልብሱ ደርቋል፤ ጎድጓዳው ሳህን ባዶውን ተቀምጧል። ወራት ሙሉ የተመኘችው ይህንን ነበር። አሮጊቷ ራሷን ከትራሱ ቀና አድርጋ ታዳምጣለች። መጀመሪያ ተኝቶ ይሆናል አለች። ቆይታ፣ በዚህ ሰዓት ተኝቶ አያውቅም፣ አለች። ሚስትየው ከሥራ ስትገባ እግሯ ተሰማ፤ ማንም ሊቀበላት አልሮጠም። ከዚያ አፍን በትራስ አፍኖ እንደማልቀስ ያለ ድምፅ በሳንቃው ውስጥ ወረደ።

«ልጁ ምን ሆነ?» አለች አሮጊቷ።

እህትየው ውሸት ስታሰናዳ ነበር የዋለችው፤ ወደ እናቱ ወገኖች ወስደውታል፣ ቀዝቃዛ አገር ነው፣ ለደረቱ ይስማማዋል፣ የሚል። ግን ያ ለቅሶ ከላይ እየወረደ አልሆነላትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የእናቷን እጅ ያዘችና በተቻላት መጠን ቀስ ብላ ነገረቻት። ልጅ አልነበረም፣ እማዬ። ቡችላ ነበር። ውሃ የሚደፋው እሱ ነው፣ የሚሮጠው እሱ ነው፤ ዛሬ ለሰው ሰጡት። ልጆችስ ተረግዘው ነበር፣ አልበረከቱም፤ አልነገርኩሽም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አሮጊቷ እስኪያልቅ ሰማቻት። ከዚያ እጇን ከልጇ እጅ መንጭቃ አወጣች። ቁጣ ይህን ያህል ጉልበት እንዳስቀረላት ማን ያውቅ ነበር።

«ጠብ እስከዚህ ያደርሳል?» አለች። «የወንድምሽን ልጅ ውሻ ትይዋለሽ? ሞቶ እንኳ?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህትየው እውነቱን ደግማ ብትናገረው ስድቡን መድገም ነው የሚሆንባት። አሮጊቷ ትንፋሿን ሰብስባ፣ በዚህ አልጋ ላይ ከወደቀች ወዲህ ባልወጣት ድምፅ፣ «አባብዬ» ብላ ተጣራች። ደግማ ተጣራች። ወንድምየው ከጋራዥ ተመልሶ ገና ቤቱ መግባቱ ነበር፤ የብረቱ ደረጃ ሁለት ሁለት እየተረገጠ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሞታ አገኛታለሁ ብሎ የመጣ ሰው ፊት ነበረው። የተጣመመውን መጋረጃ ረግጦ አልፎ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። የአሮጊቷ እጅ አየሩን ሲዳብስ ቆይቶ ራሱን አገኘ።

«አይዞህ ልጄ» አለችው። «ሰምቻለሁ። ሳላየው፣ አንድ ጊዜ ሳልስመው አመለጠኝ። ከበላዬ ሲሮጥ የነበረ ልጅ።»

ወንድምየው ቀና ብሎ እህቱን አያት። ከስንት ጊዜ በኋላ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ምን ብለሽ ነገርሻት የሚል ዓይን ነበር፤ እሷም ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «እማዬ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በል፣ አልቅስ» አለችው እናቱ። «ወንድ አያለቅስም ያሉህ ዋሽተውሃል። ልጅ የቀበረ ያለቅሳል።»

ሊያርማት አፉን እንደከፈተ ቀረ። ፊቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሮ ተንሰቀሰቀ። እህትየው ቆማ አየችው። ለቡችላ እንደዚያ የሚያለቅስ ሰው የለም። ይህ ለቅሶ ከሳንቃው በላይ ስንት ጊዜ ተቀምጦ፣ ማንም ደረጃ ወጥቶ አይዞህ ሳይለው፣ በየማለዳው አውቶቡስ ሲነዳበት የኖረ ለቅሶ ነው። አሁንም እንኳ ያገኘው በስህተት ነው። እናቱ ጀርባውን እያሻሸች እግዜር ይተካል፣ ገና ልጅ ናችሁ፣ እያለች ላልነበረው ልጅ የምትለውን ሁሉ ሳታውቀው ለእነዚያ ላልተወለዱት አለችላቸው።

ሚስትየው ከኋላው ወርዳ ኖሯል። በባዶ እግሯ፣ ነጩን ጋዋን እንደለበሰች፣ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ደፉን አላለፈችም። አሮጊቷ ትንፋሿን ሳትሰማ አልቀረችም፣ እሷም መጣች፣ ነይ ልጄ፣ አለች። ከዚያ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፣ «ስሙን ማን ነበር ያላችሁት?» ብላ ጠየቀች።

ቡችላው ስም አልነበረውም፤ አንተ እየተባለ ነው የኖረው። እህትየው ወንድሟን አየችው። አንድ ሰው አሁን እውነቱን መናገር አለበት ብላ አፏን ልትከፍት ስትል ሚስትየው ተናገረች። የሰው ስም ነው የተናገረችው። አልተንተባተበችም፤ ብቻዋን ሆና ብዙ ጊዜ እንደጠራችው ጥርት አድርጋ ጠራችው። ባሏ ከብርድ ልብሱ ቀና ብሎ ዞሮ አያት፤ እሱም ገና ዛሬ መስማቱ ነበር።

አሮጊቷ እንዳይጠፋት ቀስ ብላ ስሙን ደገመችው። ልክ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

«ልክ ነው» አለች ሚስትየው።